ማንም ያልጠየቃት መካሪ

በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሰው ቆሞ እያለ፣ አንዲት ሴትዮ ሁለት ወንበር ይዛለች፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለቦርሳዋ። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች፣ ስፌቱ በውጭ በኩል ነው። አንዲት እናት ደግሞ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆማ የአራት ዓመት ልጇን ትለማመጣለች። ልጅቷ የሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅ ድምፁ ስለሚያስፈራት ከጠዋት ጀምሮ ሽንቷን ይዛለች።

«ጆሮሽን እኔ እይዝልሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አሞላቅቀሻት ነው!» አለች ሴትዮዋ፤ ማን ጠየቃት? «እኔ አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ። አንዱም እንዲህ አልቀበጠብኝም።»

አምስት አሳድጋ ክሊኒክ የሚያደርሳት አንድ አጣች? አለች እናትየው በሆዷ። ሹራቧን እንኳ አስተካክላ መልበስ ያቃታት፣ የሰው ልጅ ልታስተካክል!

ሴትዮዋ ተነሥታ፣ እናትና ልጅን በክርኗ ገፋ አድርጋ ሽንት ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ሲያጓራ በሩ ብርግድ አለ። ሴትዮዋ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ወጣች። ዓይኗን ስትገልጥ ከልጅቷ ጋር ተፋጠጡ። እጇን ቶሎ አወረደች።

«ምን ታፈጥጥብኛለች፣ ይቺ ባለጌ!»

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «እማዬ፣ እሷ ጆሮዋን የሚይዝላት ሰው የላትም?»