የንፋሱ ማዞሪያና የዘነበች ነጠላ

ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ የተቀጠርኩ ቀን መኪና መንዳት የምችል መስሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት ለዓመታት ከአስኮ ጦር ኃይሎች ታክሲ ነድቻለሁ። በዚያ መስመር የጠዋቱን ግፊያ ያለፈ ሰው ማን ምን ሊያስተምረው ይችላል? ይህን እያልኩ ጢሜን ተላጭቼ፣ ሸሚዜን አስተኩሼ ሄድኩ።

ማሰልጠኛው ከአጠና ተራ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ግቢ ነበር። ዋና አሰልጣኙ ጋሽ መኮንን ይባላሉ። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ከባድ መኪና የነዱ፣ ሲቆጡም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ነጯን ዲኤክስ መኪና እንዳስነሳ አዘዙኝና ጋቢና ገቡ። ወደ አስኮ የሚወስደውን መንገድ እንደያዝን እጃቸውን ሰደው ሬዲዮውን ከፈቱት።

"ሬዲዮውን ቀንስልኝ" አሉኝ። ቀነስኩ።

"ንፋሱን ወደ መስታወቱ መልሰው።" መለስኩ።

"በል ዳር ይዘህ አቁም።" አቆምኩ።

"ስንት ሰው ገጨህ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ማንንም አልገጨሁም ጋሼ።"

"እሱ የእግዜር ሥራ ነው። አንተማ ሁለት ጊዜ ወደ ታች አይተሃል። አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ለመግባት ከዚያ በላይ ጊዜ አይፈልግም።"

የዚያን ቀን መኪና አልነዳሁም። ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር በቆመች መኪና፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ጋሽ መኮንን በመስኮቱ በኩል ቆመው ያዛሉ፦ "ንፋስ ወደ እግር። ንፋስ ወደ መስታወት። ሙቀት ጨምር። የውጭ አየር አስገባ። ሬዲዮ ዝጋ።" ስሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ሌሎቹ አሰልጣኞች እያለፉ "ጸሎት ላይ ነህ እንዴ?" ይሉኛል። ተናደድኩ፤ አፍሬም ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ሚስቴ ሥራው እንዴት ነው ብትለኝ "ደህና ነው" ብቻ ብዬ ተኛሁ።

የጋሽ መኮንን ትምህርት ይኸው ነበር። ዓይን የመንገዱ ነው፤ ከመሪው ጎን ባለው ሰሌዳ፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለው ሁሉ የእጅ ነው። ከረዳት አሰልጣኝነት፣ ማለትም መኪና ከማጠብ፣ ዘይትና ውሃ ከማየትና ኮን ከመደርደር፣ ወደ አሰልጣኝነት ያሳደጉኝ ማዞሪያዎቹን ሁሉ ሳላይ ማግኘት ስችል ነው። እኔም በተራዬ ሰልጣኞቼን በዚያው መንገድ አስተማርኩ። ማርሽና ፍሪሲዮን ከማስነካቴ በፊት ዓይናቸውን አስጨፍናለሁ። ብዙዎቹ ስቀውብኛል። "መንጃ ፈቃድ ነው እንጂ የዲጄ ወረቀት አልፈለግንም" ያለኝም አለ።

የሬዲዮው ነገር ቀላል ነው። ከጮኸብህ ትዘጋዋለህ፤ ማንም አይቀየምህም። የቸገረኝ ንፋሱ ነው።

ታክሲ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። በከተማችን ሰው ጅብ ቢመጣ የሚሮጠውን ያህል መኪና ውስጥ ከገባ ንፋስ ይሸሻል። ከኋላ አንዱ "አፍናችሁ ልትገሉን ነው፣ ክፈቱት" ይላል። ወዲያው አንዲት እናት "ዝጉት ልጆቼ፣ ምች ይመታናል" ይላሉ። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ዝጉት ያለው ነው። መስኮቱ ይዘጋል፣ ማራገቢያው ይጠፋል። ውጪ ዝናብ፣ ውስጥ የሰው ትንፋሽ፤ መስታወቱ ወዲያው ጭጋግ ይለብሳል። ሾፌሩ በእጅጌው ይጠርጋል። የጠረገው ቦታ ሳይደርቅ ይመለሳል። እንደገና ይጠርጋል። በአንድ እጁ እየጠረገ፣ በአንድ እጁ መሪ ይዞ፣ በሳህን ስፋት ቀዳዳ እያየ ይሄዳል።

መድኃኒቱን የማያውቅ ሾፌር የለም። የውጭ አየር ማስገባት፣ ንፋሱን ከነሙቀቱ ወደ መስታወቱ መልቀቅ፣ መስኮቱን ጣት የሚያሳልፍ ያህል መክፈት። እያወቀ የማያደርገው በይሉኝታ ነው። አንድ ትልቅ ሰው "በረደኝ" ካሉ ሾፌሩ ገደል ቢገባ ይሻለዋል እንጂ ንፋሱን አይከፍትም። ጋሽ መኮንን "እንዲህ ሲሆን አቁም" ይሉ ነበር። ማቆም ግን ሽማግሌን ከመኪና አስወርዶ እንደመሄድ ይቆጠራል፤ ማንም አቁሞ አላየሁም።

ወይዘሮ ዘነበች ወደ እኔ የመጣችው ጋሽ መኮንን ጡረታ ወጥተው እኔ በቦታቸው በተተካሁበት ጊዜ ነው። ቤቷ ሳንሱሲ ነው፤ አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ጨርቅ ትሸጣለች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ፈርጠም ያለች ሴት። በአክብሮት ወይዘሮ ዘነበች፣ ይግቡ ብላት "አንቱ አይበሉኝ ጋሽ ሽመልስ፣ ከአሁኑ አሮጊት አያድርጉኝ" አለችኝ።

ለምን መንዳት እንደፈለገች ስጠይቃት አልደበቀችም። ባለቤቷ አቶ ወልዴ ታመው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ደብል ጋቢና መኪናቸው ግቢ ውስጥ ቆማለች። የባሏ ወንድሞች ገዢ አግኝተዋል።

"ይሸጧት ነበር፤ ግን እሱ ከቤት የሚወጣው እዚያች መኪና ድረስ ብቻ ነው" አለችኝ። "ጠዋት ጋቢና ይገባና በግራ እጁ ሬዲዮውን ከፍቶ ይሰማል። ባትሪው እንዳይሞት ጎረቤት እየመጣ ያስነሳለታል። መኪናዋ ከሄደች እሱም ከአልጋ አይወርድም፣ አውቀዋለሁ።"

"ወንድሞቹስ ምን አሉ?"

"መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ትቆይልሻለች፣ ካላወጣሽ ቆማ ከምትበሰብስ ትሸጥ አሉ። ምን ይበሉ፣ ክፉዎች አይደሉም።"

ዓይኗን አስጨፍኜ ማዞሪያዎቹን ሳስተምራት እንደ እሷ ቶሎ የያዘ ሰልጣኝ አላየሁም። ጨርቅ ነጋዴ ናት። ቴትሮኑን ከጥጡ ሳታይ በጣቷ ትለያለች። አንድ ቀን የንፋሱን ማንሸራተቻ በጥድፊያ ስስበው "ቀስ ጋሽ ሽመልስ፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" ብላ ገሰጸችኝ።

ችግሯ ሌላ ነበር። ለልምምድ እንዲሆናት እኔ ጋቢና ተቀምጬ እንደ ሽማግሌ "ኧረ በረደኝ ልጄ" እላታለሁ። ወዲያው ትዘጋዋለች። ተይ እላታለሁ፤ እንደገና ትዘጋዋለች።

"ታዲያ ሰው እያመመው እንዴት ልክፈት?" ትለኛለች።

"አቁሚያ።"

"ማቆምስ ውረድልኝ ማለት አይደለም?"

በመጀመሪያው ፈተና የወደቀችው በዚሁ ነው። ዝናብ ነበር። ፈታኙ በረደኝ ስላሉ ንፋሱን ለመክፈት አፍራ መስታወቱን በእጅጌዋ እየጠረገች ዜብራ ላይ ሰው የቆመበትን ሳታይ አለፈች። የባሏ ወንድሞች ገዢውን እስከ ሁለተኛው ፈተና ድረስ እንዲታገስ ለመኑት። ከዚያ ወዲያ ግን አይጠብቅም።

ሁለተኛው ፈተና ሐምሌ ውስጥ ዋለ። ከሌሊቱ ጀምሮ የያዘው ዝናብ ሲነጋም አላባራም። የደረሱን ፈታኝ ደግሞ አሰልጣኙ ሁሉ የሚያውቃቸው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጆሯቸውን ያማቸዋል። ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው ነው የሚመጡት። ጋቢና ገቡ፣ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ዘጉት፣ ማራገቢያውን አጠፉት፣ በጥጡ ምክንያት አልሰማ ስላላቸው ሬዲዮውን ጮክ አድርገው ለቀቁት።

"ንፋስ እንዳትከፍቺብኝ። በይ ንጂ።"

እኔ ከኋላ ነኝ። ደንቡ አሰልጣኝ አንድ ቃል ከተናገረ ተፈታኙ ይወድቃል ይላል። አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳንሄድ መስታወቱ መደብዘዝ ጀመረ። የዝናብ መጥረጊያው ከውጪ ይመላለሳል፤ ጭጋጉ ግን ከውስጥ ነው። ዘነበች አንድ ጊዜ በእጅጌዋ ጠረገች። ተመለሰ። ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ሆነ። እኔ ከኋላ ሆኜ የማስበው ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና ውስጥ በግራ እጃቸው ሬዲዮ የሚነካኩትን ሰው ነበር።

ፍሬቻ ሲመታ ሰማሁ። ዳር ያዘችና ቆመች፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበች።

"ማን አቁሚ አለሽ?" አሉ ፈታኙ።

"አይታየኝም ጋሼ።"

"ጥረጊው እንጂ።"

"ጠረግኩት፤ ይመለሳል። ንፋሱ ካልተከፈተ አልነዳም።"

"ጆሮዬን ያመኛል እያልኩሽ!"

"ሰምቻለሁ ጋሼ። ለዚህ እኮ ነው የቆምኩት።"

ከዚያ ማንም ያላስተማራትን ነገር አደረገች። ከሹራቧ በላይ የደረበችውን ነጠላ አወለቀች፣ አጠፈችው፣ ወደ እሳቸው ዞር ብላ ከራሳቸው እስከ ትከሻቸው አለበሰቻቸው። ጆሯቸውን ደግሞ በጥንቃቄ ሸፈነች።

"ንጹህ ናት፣ ዛሬ ነው ከሳጥን ያወጣኋት" አለቻቸው።

ሰውዬው ለቅዳሴ የተሰናዱ መሰሉ። ዘነበች ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ዓይኗ ከመንገዱ ሳይነሳ እጇ ብቻ ሄደ፦ የውጭ አየር፣ ሙቀት፣ ንፋስ ወደ መስታወት፣ ማራገቢያ። በመጨረሻ ሬዲዮውን ዘጋችው። ጭጋጉ ከታች ጀምሮ እየተገፈፈ ወደ ላይ ወጣ፤ ሚኒባሱም፣ ዜብራውም፣ ጃንጥላ የያዙት ሰዎችም ታዩ። ስፖኪዮ አየች፣ ፍሬቻ አበራች፣ ወጣች።

ስንመለስ ፈታኙ ነጠላውን እንደተከናነቡ ወረዱ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ትዝ ብሏቸው ተመልሰው አጥፈው ሰጧት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

"ያለ ትእዛዝ አቁማለች" አሉኝ።

"አዎ ጌታዬ።"

"ስህተት ተብሎ ይያዛል።"

"ይያዛል።"

ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ አስተካከሉ። "ጆሮዬን ግን አላመመኝም" ብለው ሄዱ።

ውጤት በተለጠፈ ቀን ግቢ ውስጥ ሌላ ሰው አሰለጥን ነበር። ስልኬ ጮኸ። "መኪናዋ አትሸጥም" አለችና ስልኩን ለባለቤቷ ሰጠችው። አቶ ወልዴ "ጋሽ ሽመልስ" ብለው ስልኩን ወደ ክሩስኮቱ አስጠጉት። በስልኩ ውስጥ የምሰማው የመኪናዋን ሬዲዮ ብቻ ነበር። ሬዲዮውን አብረን ሰማን።

አሁን እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉልበቴ ፍሪሲዮን አይረግጥም። የምናፍቀው መንዳቱን አይደለም፤ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ማዞሪያ የሚፈልግ ሰልጣኝ ከጎኔ ሲቀመጥ የነበረውን ጸጥታ ነው። አሁን የሚመጡት መኪኖች ማዞሪያ የላቸውም፤ ሁሉም ነገር እንደ ስልክ በሚነካ መስታወት ላይ ነው፤ ሳያዩ ማግኘት አይቻልም ይሉኛል። ጋሽ መኮንን ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አስባለሁ።

ባለፈው ክረምት ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ዝናብ እየመታኝ ቆሜ ሳለ አንዲት ደብል ጋቢና አጠገቤ ቆመች። መሪው ላይ ዘነበች፣ ጋቢና አቶ ወልዴ። "ይግቡ ጋሽ ሽመልስ" አሉኝ ሁለቱም በአንድ ላይ። ከኋላ ገባሁ።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዘነበች ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ናቸው። ጭጋግ ሊይዝ ሲል አቶ ወልዴ ሳትነግራቸው በግራ እጃቸው ንፋሱን ከፍ ያደርጋሉ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትደርስ ሬዲዮውን ይቀንሳሉ። ካለፈች በኋላ ይመልሱታል። ክሩስኮቱ የእሳቸው ነው። መስታወቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል።

ንፋሱ ግን ከፊት ዞሮ ወደ ኋላ ይመጣል። ጆሮዬን ጠዘጠዘኝ። እኔ ራሴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ክፈቱ ስል የኖርኩት ሰው፣ አፌን ከፈትኩ።

"ልጄ፣ ይቺን ንፋስ ትንሽ..."

ዘነበች በስፖኪዮ አየችኝ። አቶ ወልዴ ጎንበስ ብለው ከወንበራቸው ሥር አንድ የታጠፈ ነጠላ አወጡና በትከሻቸው በኩል ወደ ኋላ አቀበሉኝ።

"ይከናነቡ ጋሽ ሽመልስ" አሉ። "ንፋሱ አይዘጋም።"

ተከናነብኩ። እስከ ሳንሱሲ ድረስ አልበረደኝም።

ለአሰልጣኞችና ለአዲስ አሽከርካሪዎች የምለው ይህን ብቻ ነው። ካልታየህ አቁም። የበረደው ሰው ካለ የሚለብሰው ስጠው። ንፋሱን ግን አትዝጋ።