ማማ የሚሉኝ ሴቶች

የወጣሁ ለታ ማታ ልጄ ቤዛ እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠበቅን። ሦስት ዓመቷ ነበር። እህቴ ሰብለ «ካየችሽ አትለቅሽም፣ ሳትነቃ ውጪ» አለችኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ጠዋት ተነስታ የት የት እንደፈለገችኝ ሰብለን ጠይቄያት አላውቅም። መልሱን እፈራዋለሁ።

አሜሪካ የመጣሁት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ሠርጉ አለፈ፣ እኔ አትላንታ ቀረሁ፣ የጥገኝነት ወረቀት አስገባሁ፣ ይኸው አምስት ዓመት «ጠብቂ» ይሉኛል። ወረቀቱ እስኪያልቅ ልጄን ማምጣትም፣ ሄጄ ማየትም አልችልም። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ አሜሪካ ሁሉ ነገር ፈጣን ይመስላችኋል። ፈጣኑ ምግቡ ነው፤ እሱም ጣዕም የለው፣ ቲማቲሙ እንኳ ውሃ ውሃ ይላል።

መጀመሪያ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሆቴል ክሊን አደርግ ነበር። አገር ቤት ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ መርፌና ክር ከኪሴ አይጠፋም። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ የቀሚሷ ዚፕ ተበላሽቶባት ስትነጫነጭ አግኝቼ ሰፋሁላት። ሴቶች ልብሳቸውን እያወለቁ የሚደንሱበት ክለብ ነው የምትሠራው። «ሃውስ ማማችን ለቃለች፣ ለምን አትመጪም?» አለችኝ። ሃውስ ማም ማለት የልብስ መቀየሪያው ክፍል እናት ናት፤ የተበጠሰ ትሰፋለች፣ ሳትበላ የመጣችውን ታበላለች፣ የጠጣችውን እንዳትነዳ የመኪናዋን ቁልፍ ትቀማለች። አማትቤ ገባሁ።

መድረኩን አይቼው አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነቴን ነው፣ ከመጋረጃው ወዲህ ነው የምውለው። ደናሾቹ ትልልቅ ሴቶች ናቸው፣ አንዳንዶቹም ወልደዋል። ለቤተሰብ የሚነገር ሌላ ሥራ የሌላት የለችም፤ አንዷ ባንክ ናት፣ አንዷ ጥርስ ሐኪም ቤት። እኔም መደበቁን ከእነሱ ተማርኩ። ከአትላንታ ወጣ ብሎ ስኔልቪል ምድር ቤታቸውን ያከራዩኝ እትዬ ወይንሸት ቁልፍ ሳይሰጡኝ ነበር የጠየቁኝ።

«የት ነው የምትሠሪው?»

«ሴቶች እንከባከባለሁ።»

«ነርሲንግ ሆም በይኛ። አሮጊቶች ናቸው?»

«የለም፣ ወጣቶች ናቸው።»

«ውይ፣ በዚህ ዕድሜያቸው። ምን ሆነው ነው?»

«እግራቸውን ያማቸዋል» አልኳቸው። ያን ተረከዝ ተጫምቶ የዋለ እግር መቼም ደህና ነው አይባልም።

«ስማቸውን ንገሪኝ፣ በጸሎት አስባቸዋለሁ።»

«ዳይመንድ… ቼሪ…»

«የክርስትና ስማቸው ነው?»

«እሱን አይናገሩም፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ለበሽተኞቼ ጸበል በጠርሙስ ይሰጡኛል። እያፈርኩ እወስድላቸዋለሁ፣ እነሱም እየተሻሙ ይጠጡታል።

እትዬ ወይንሸትን መዋሸቴን የንስሐ አባቴ ይፈቱኝ ይሆናል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ደስ ይለኛል። ዳይመንድ ጠጉሯን ስሠራት እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋታል። «ማማ» ትለኛለች፣ ሁሉም ማማ ነው የሚሉኝ። የቤዛን ጠጉር ማን ይሠራላት ይሆን እያልኩ እንኳ እጄ ሥራውን አያቆምም። ቤዛ ሰብለን «እማዬ» ትላታለች፣ እኔን «ጽጌ»። ልጅ ናት፣ ሲገባት ትለምዳለች ይለኛል ሰው ሁሉ። ስምንት ዓመት ሞላት።

ባለፈው የቀን ሺፍት ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ። እነሱ ጋ የመኝታ ሰዓት ነው። ከልብሱ መስቀያ ጀርባ ሄጄ አነሳሁት።

«ጽጌ፣ ጥርሴ ወለቀ» አለችኝ ቤዛ።

ዳይመንድ ከወዲያ ማዶ ጮኸች፣ «ማማ፣ ማሰሪያው ተበጠሰብኝ!»

«አንዴ ጠብቂኝ የኔ ቆንጆ» አልኩና መርፌዬን ይዤ ሮጥኩ። ስመለስ ቤዛ አልዘጋችም።

«ማናት እሷ?»

«እዚህ የምንከባከባት ሴት ናት።»

«ትልቅ ናት?»

«አዎ።»

«ታዲያ እናቷ ነሽ?»

«አይደለሁም። እንዲያው እንደዚያ ነው የሚሉኝ።»

«ስትጠራሽ ግን ሄድሽላት።»

«አዎ» አልኩ።

ሰብለ ከጀርባ «በይ ተኚ» ስትላት ይሰማኛል።

«እማዬ» አለች ቤዛ ቀስ ብላ። ሰብለን የጠራች መስሎኝ ሰብለ እስክትመልስላት ጠበቅኩ።

«አንቺን ነው እኮ።»

«አቤት፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

እሷም እንደ ዳይመንድ ጠራችኝ። ስልኩን ይዛ፣ እስክመጣላት ትጠብቃለች።