ጎርጎራ የቀረው ፍላሽ

ሂሻም ቃሲም በገንዘቡ ንፉግ አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ አለዚያ የሰው ስም ማጥፋት ይሆናል። ሻይ ይጋብዛል፣ ለተቸገረ ዘመድ ይሰጣል፣ የጓደኛውን ሒሳብ ቀድሞ ይዘጋል። ንፉግነቱ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው። ባሕር ዳር፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ተቀምጦ መልእክት ሊያይ የስልኩን ዳታ ይከፍትና ወዲያው ይዘጋዋል፤ ጋዝ እንዳያልቅበት ኩራዙን እፍ እንደሚል ሰው። የአጎቱ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ልላክልህ ሲለው፣ «አትላከው፤ ንገረኝ። ሙሽራዋ ሳቀች?» ብሎ ጠይቆታል። አንድ ቀን ደግሞ አክስቱ ከጅዳ ደውላ እናቱ ዘሊካ በእሱ ስልክ የእህቷን ፊት ስታይ፣ «እማ፣ ምስሉን አጥፊው፤ ፊቷን ድሮም ታውቂው የለም እንዴ?» አላት። ዘሊካ ያን ቀን ምሳ አላቀረበችለትም። ቢጠይቃት፣ «ምሳን ድሮም ታውቀው የለም እንዴ?» አለችው።

እውነቱን ለመናገር ምክንያት አለው። መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ ወደ ሱቁ የሚመጡት ኮምፒውተሮች ደግሞ ያረጁ፣ ባለቤቶቻቸው ተስፋ የቆረጡባቸው ናቸው። ሂሻም ሊኑክስ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ይጭንባቸውና ነፍስ ይዘሩለታል። ችግሩ ሊኑክስ በየጊዜው አፕዴት ይፈልጋል፤ ሁሉም ኮምፒውተር በየራሱ ልጎትት ካለ መስመሩ ይታነቃል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ አንዱ ለሁሉም ያወርዳል፤ ሌሎቹ ከእሱ በገመድ ይወስዳሉ። ከዚህም በላይ የሚኮራበት ዘዴ አለው። ፕሮግራሙ ሲታደስ ሙሉውን እንደገና ከማውረድ ይልቅ የተለወጠችውን ቁራሽ ብቻ ያወርዳል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ቁራሿን ከአሮጌው ጋር ይገጣጥማታል። ግማሽ ቀን የሚፈጀው ሥራ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ይህን ዘዴ ለደንበኛው፣ ለጎረቤቱ፣ ላልጠየቀውም ሰው ሳይቀር ያስተምራል።

ለአንዲት ሴት ብቻ አላስተማራትም።

ፈይዛ ትባላለች። ጎርጎራ፣ ከሐይቁ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ናት። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች ወደ ሊኑክስ የለወጠላት ሂሻም ነው፤ ከዚያ ወዲህ አፕዴቱን የሚያደርስላትም እሱ ነው። ከሐይቁ ወዲህ ለአንዲት ፎቶ ሜጋ የሚሳሳው ሰውዬ፣ ከሐይቁ ወዲያ ላለችው ሙሉውን አፕዴት ፍላሽ ላይ ጭኖ ጀልባ ተሳፍሮ፣ በማዕበል ተንገላቶ፣ ጎርጎራ ዘመድ ቤት አድሮ ያደርሳል። ለምን ሲባል «መስመራቸው አይችልም» ይላል። ይችላል። ልዩነቱን ብቻ ቢያወርዱ መስመራቸው በደንብ ይችላል፤ ይህን ከሂሻም የበለጠ የሚያውቅ የለም። ግን ዘዴውን የነገራት ዕለት ጎርጎራ የሚያስኬደው ጉዳይ አይኖረውም።

ሄዶስ ምን ያደርጋል? ፍላሹን ይሰጣታል። የምትሠራው እሷ ናት፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ስክሪኑን የሚያይ ይመስላል። ስክሪኑን ግን አያይም። «ቀጥሎ የትኛው ነው?» ይላታል። «ያኛው» ትለዋለች። ጨዋታቸው ይኸው ነው፤ በዚህ ላይ አንድ ዓመት አለፈው።

አባቱ ቃሲም በሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠሩ አናጺ ናቸው። ፍላሽ በምትቀበል ትንሽ ድምፅ ማጉያ መንዙማ ከፍተው ካልሆነ ሚስማር አይመቱም፤ ፍላሹንም የገዛላቸው ሂሻም ነው፤ የራሱን ሲገዛ የዚያኑ መንትያ። የልጃቸው መመላለስ ምን እንደሆነ ከገባቸው ቆይቷል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉታል። ዝም ሲላቸው ደግሞ፣ «ቃልም በሜጋ ነው እንዴ የሚሸጥልህ?» ይሉታል።

ታዲያ አንድ ረቡዕ ዘሊካ ከገበያ ወሬ ይዛ ገባች።

«ያቺ የጎርጎራዋ መምህርት የለችም? ለአንድ የእንፍራንዝ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ሽማግሌ ሊላክባት ነው አሉ» አለች፤ ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳታነሳ።

ሂሻም እጁ ላይ የነበረውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። ፈራ። እሷን ማጣት የሚባል ነገር መኖሩን እስከዚያች ደቂቃ አስቦት አያውቅም ነበር፤ ፈይዛ እንደ ሐይቁ ሁልጊዜ እዚያው ያለች ይመስለው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ፍላሽ ኪሱ ከትቶ በማግስቱ ማለዳ ጀልባው ላይ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ጀልባው ላይ የሚላትን አዘጋጀ። ሲነሳ ረጅም ንግግር ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ የገባበት። መካከል ላይ በዛብኝ ብሎ አሳጠረው። ደሴቶቹን ሲያልፍ እንደገና ቆረጠለት። ጎርጎራ ሲደርስ ከንግግሩ የተረፈው «ፈይዛ» የሚለው ስም ብቻ ነበር።

በነጋታው ትምህርት ቤት ሲደርስ ተማሪ ወጥቶ ክፍሉ ባዶ ነው። ፈይዛ ፍላሹን ተቀብላ ሰካችውና ያየችውን ፋይል ከፈተች። ድቤው ተመታ፤ መንዙማው ክፍሉን ሞላው።

«የአሁኑስ አፕዴት ደስ ይላል» አለች።

ሂሻም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ፍላሹን ቢያገላብጠው ከመንዙማ በቀር ምንም የለበትም፤ አፕዴቱ ባሕር ዳር ቀርቷል።

«ሰኞ ኮምፒውተሮቹን ለፈተና እንፈልጋቸዋለን እኮ» አለች ፈይዛ፣ እያዘነች ይሁን እየሳቀች በማይለይ ድምፅ። «ምን ይሻላል?»

«ግድ የለም፣ በመስመሩ እናወርደዋለን። ልዩነቱን ብቻ ካወረድን እኮ...» አለና ምላሱን ነከሰ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

«ልዩነቱን ብቻ? እንዲያ ይቻላል እንዴ?» አለች ፈይዛ፣ ዓይኗን አፍጥጣ።

መመለሻ የለውም። ኪቦርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሳብ አድርጎ ትእዛዙን ጻፈ። ኮምፒውተሩ መለሰ፦ የሚወርድ የለም፤ ሁሉም የታደሰ ነው። ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሞከረ። ያም እንደዚያው። የታደሱበትን ቀን ቢያይ ያለፈው ማክሰኞ ይላል።

«ማን አደሳቸው?»

«እኔ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ልዩነቱን ብቻ እያወረድሁ። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ» አለች ፈይዛ፣ ለተማሪ እንደምታስረዳ ረጋ ብላ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምና ሁለተኛ ጊዜ ከመምጣትህ በፊት።»

ሂሻም ያቋረጠውን ውኃ፣ ያንገላታውን ማዕበል አሰበ። «ታዲያ እኔ ሳመጣ የከረምሁት ሁሉ...»

«ሰክቼ እነቅለው ነበር። ስክሪኑን ብታይ ኖሮ ታውቀው ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርኸኝም?»

«መስመራችሁ...» ብሎ ጀመረ።

«መስመራችን ምን?»

ሂሻም አፍሮ ነበር፤ ግን ከእፍረቱ ሥር ሌላ ነገር እየፈላ ሲመጣ ተሰማው፤ ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን ዋሸሁ ሲል ሁለት ሆነው ሲዋሹ ከርመዋል። አሁን መናገር እንዳለበት ገባው።

«ፈይዛ» አለ። ያዘጋጀው ይህንኑ ነውና በዚያው አለቀ።

ፈይዛ ሲያቅተው አይታ፣ ፍላሹን ሊነቅል እጁን ሲሰድድ የራሷን እጅ ፍላሹ ላይ አደረገች።

«ተወው። የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«እንግዲያው ባለቤቱ ራሳቸው መጥተው ይውሰዱት።»

«ኧረ መንገዱ ይርቃቸዋል፤ እኔ አደርስላቸዋለሁ» አለ ይህ ኮምፒውተር አዋቂ።

ፈይዛ ጣሪያውን አየች፤ ትዕግሥት ከዚያ የሚወርድላት ይመስል። «ሂሻም፤ ባለቤቱ ራሳቸው። መንገዱ ከራቃቸው ብቻቸውን እንዳይመጡ፤ ሰው ይዘው ይምጡ። ቶሎም ይሁን፤ ለሐሙስ ከእንፍራንዝ ሌላ እንግዳ ይመጣል ተብለናል።»

ሂሻም «እሺ» ብሎ ወጣ። ነገሩ የገባው በማግስቱ ጀልባው ሐይቁ መካከል ሲደርስ ነው። ብቻውን ከት ብሎ ሲስቅ አጠገቡ የነበሩት መነኩሴ አማተቡ።

ባሕር ዳር ሲደርስ አባቱ በሐይቁ ዳር ተኮሳትረው ቆመዋል። የሚሠሩት ጀልባ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸ ዱዳ ፍላሽ ምንድን ነው? ብሰካው ብነቅለው ትንፍሽ አይልም። የእኔን የት አደረስኸው?»

«ጎርጎራ ቀረ፣ አባባ።»

«ሂድና አምጣዋ!»

«አይሆንም። ፈይዛ ባለቤቱ ራሳቸው መጥተው ይውሰዱት ብላለች። ብቻቸውንም እንዳይመጡ፣ ሰው ይዘው ይምጡ፣ ከሐሙስም በፊት ይሁን ብላለች።» በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ቃል ሲያወጣ አባቱ ሰምተውት አያውቁም።

ቃሲም መዶሻውን መሬት ጣሉ። እሳቸው ነገሩ እስኪገባቸው ሐይቅ መሻገር አላስፈለጋቸውም።

«ዘሊካ!» ብለው ወደ ቤት ተጣሩ። «ነጩን ጀለቢያዬን አውጪልኝ! ሼኹንም ጎረቤቶቹንም ጥሪልኝ፤ ጎርጎራ እንሄዳለን!»

ዘሊካ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጥታ አንዴ ባሏን፣ አንዴ ልጇን አየች። ከሂሻም ኪስ ስልኩን መዛ አወጣችና ጅዳ እህቷ ዘንድ ደወለች፤ በምስል። የእህቷ ፊት ብቅ ሲል እንባዋ ቀደማት፤ ስልኩን ይዛ ዓይኗን መጥረግ አልሆነላትም። ሂሻም ተቀብሎ እሱ ያዘላት፤ ሁለቱ እህትማማቾች እስኪጠግቡ ድረስ ምስሉን አጥፊው አላለም።