አባታችን የመረጡት ሱቅ

ባለፈው ኅዳር ወንድሜን ጠይቄ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ፣ ሚኒባሷ ሐሙሲትን እንዳለፈች ከመንገዱ ዳር ካለ የዳጉሳ ማሳ ውስጥ አንድ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። ገበሬው ወፍ እንዲያባርሩለት አሮጌ ሲዲዎችን በሲባጎ አስሮ በእንጨት ላይ ሰቅሏቸው ኖሯል። ነፋስ ሲያሽከረክራቸው ቀይም አረንጓዴም እየሆኑ ይብለጨለጫሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና ስልኳን ትነካካ ነበርና ቀና ብላም አላየች። እኔ ግን ማሳው ከዓይኔ እስኪጠፋ አንገቴን አዙሬ ቀረሁ። እንዲህ ያለውን ሲዲ በለስላሳ ጨርቅ እየወለወልሁ ያደርሁ ሰው ነኝ። በዚያው ዘመን በገዛ ወንድሜ ላይ ስቀና የኖርሁም ሰው ነኝ። እንዴት እንደነበር ላጫውትህ።

አባታችን የዜማ መምህር ነበሩ። ታላቅ ወንድሜና እኔ ግን ሁለታችንም ከዜማው ሸሽተን ንግድ ገባን። እሱ ሙዚቃ ቤት ከፈተ። እኔም ዘግይቼ በዚያው መንገድ፣ ከሱ ትንሽ ወረድ ብዬ ፊልም ማከራያ ከፈትሁ። የሱ በረንዳ ላይ የቆመው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት ዘፈን ያሰማል። የሚኒባስ ሾፌሮች ለመንገድ የሚሆን ሙዚቃ ፍለጋ እሱ ዘንድ ይወርዳሉ። እኔ ዘንድ ደግሞ ተማሪዎችና አዲስ ሙሽሮች ፊልም ሊወስዱ ይመጣሉ። ገበያስ ለሁለታችንም ነበር። ያስቀናኝ ገበያው አልነበረም።

አባባ ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያገኙት የኔን ሱቅ ነው። የመቋሚያቸው ጫፍ የመንገዱን ድንጋይ ሲመታ ከሩቅ እሰማና ብድግ ብዬ በር ላይ እቆማለሁ።

"እንደምን አደሩ አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይባርክህ ልጄ" ይሉና ያልፋሉ።

ከዚያ ወንድሜ ሱቅ ይገቡና በሩ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ለቆ፣ ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ እስክትወጣ ድረስ መዝሙር ይሰማሉ። አንዳንድ ቀን ዘማሪው ዜማውን የሳተ ሲመስላቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ወንድሜ ይስቃል፤ እሳቸውም ተከትለውት ይስቃሉ። አባባ ሲስቁ ብዙ አላውቅም። ያን ሳቅ እሱ በየጠዋቱ ያገኘዋል፤ እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ከሩቅ እሰማዋለሁ። ዛሬ ያ ሱቅ የስልክ መሸጫ ሆኗል። በደጁ ባለፍሁ ቁጥር ግን ዓይኔ አሁንም ዱካዋ የነበረችበትን ጥግ ሳያይ አያልፍም።

የፊልም ማስታወቂያዎቹ አስቀይመዋቸው ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ግድግዳዬ ሽጉጥ በደገኑና ደረታቸውን በገለጡ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ገነጠልሁና በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ ሥዕለ ማርያም ሰቀልሁ። ትራስ ያለው ወንበር አምጥቼም በሩ አጠገብ አኖርሁ። በማግስቱ አባባ ሲመጡ እጃቸውን ይዤ፣

"አባባ፣ እስቲ ገባ ይበሉ። ቤቱን አደስሁት እኮ። ሥዕሉን ይዩት" አልኋቸው።

ገቡ። ፊታቸውን ወደ ግራ አዞሩ፤ በዚያ በኩል ባዶ ኖራ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ትንሽ ቆዩና "መልካም ነው፣ መልካም ነው" አሉ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ወንድሜ ሱቅ ሄዱ።

ሥዕሉን ሊያዩልኝ እንኳ አልወደዱም ብዬ የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እናቴ ምን እንደሆንሁ ብትጠይቀኝ "ያላችሁ ልጅ አንድ ብቻ ነው እንዴ?" አልኋት። ለምን እንዳልሁ ገብቷታል። "ተው ልጄ፤ ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላሉ አባትህ" አለችኝ። እሳቸው ያሉት መሆኑ ደግሞ የባሰ አበሳጨኝ።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። በመጀመሪያ ሚሞሪ መጣ። ወንድሜ ኮምፒውተር አምጥቶ ዘፈን በሚሞሪ እየጫነ ጥቂት ዓመት ደህና ሠራ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ዳታ ያለው ስልክ ያዘ። ሾፌሮቹ የፈለጉትን ከኢንተርኔት እያወረዱ እሱ ዘንድ መውረዱን ተዉት። በደጁ ሲያልፉ ክላክስ ብቻ ያሰሙታል። የኔም ደንበኞች እንዲሁ አንድ በአንድ ቀሩ፤ ፊልሙን ከኔ ቀድመው በስልካቸው አይተውታል። ሙዚቃ ቤቱ ከኔ ቀድሞ ሊዘጋ መሆኑን ስሰማ ግን፣ አልዋሽህም፣ ከሐዘኑ ይልቅ አባባ ከእንግዲህ የት ይቀመጣሉ የሚለው ሐሳብ ቀደመኝ።

ወንድሜ ዕቃውን ሲሰበስብ ላግዘው ሄድሁ። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ቤቱ አቧራና በፀሐይ የቆየ ፕላስቲክ ይሸት ነበር። ባሕር ዳር ሥራ አግኝቷል። የድምፅ ማጉያውን ገመድ እየጠቀለለ፣

"አባባን አደራ" አለኝ። "ከነገ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን አንተ ታመጣቸዋለህ።"

"መንገዱን መች አጡት?"

"የሚያውቁት በመቋሚያቸው ነው። ዓይናቸውን ካጡ ቆዩ እኮ።"

የያዝሁትን ካርቶን አስቀመጥሁ። ዕቃ ላምጣ እያለ ባሕር ዳር ሲመላለስ ሐኪም ዘንድ ወስዷቸው ኖሯል፤ ብርሃናቸው የሚመለስ አይደለም ተብሏል። እናታችን እንዳትደነግጥ ብለው ለማንም እንዳይናገር አስምለውታል። ያ ባዶ ኖራ ግድግዳ ያን ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ።

ማዘን ነበረብኝ፤ አዘንሁም። ከሐዘኑ ሥር ግን ያ የቆየው ነገር ተቀምጦ ነበር። ምስጢራቸውንም የሰጡት ለሱ ነው።

"ለኔስ ለምን አልነገሩኝም?" አልሁት።

ወንድሜ ገመዱን ትቶ አየኝ። "ያንተ ሱቅ የሚታይ ነገር ነው የሚሸጠው። 'ትንሹ ልጄ የሚሠራውን እንደማላይለት ቢያውቅ ሆዱ ይባባል' ይሉ ነበር። በደጅህ ባለፉ ቁጥር እኔ ዘንድ መጥተው የሚያወሩት ስላንተ ነው። ሰው ይገባለታል ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።"

ካርቶኑን አንስቼ ወደ መኪናው ወሰድሁት።

በማግስቱ ከኪዳን በኋላ አባባን የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ጠበቅኋቸው። ክንዳቸውን ስይዝ ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም ማወቄን አልነገርኋቸውም። እጃቸው ቀላልና ቀዝቃዛ ነበር። ሱቄ ስንደርስ ትራስ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኋቸው። በዚያ ሰሞን ከፊልም ይልቅ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ነበር የምሸጠው፤ ደንበኛ የሚባልም አልነበረም። አባባ ብቻቸውን ሱቁን ሞሉልኝ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ጠዋት ነው።

መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣

"ያ ወንድምህ ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው መዝሙር አንተ ዘንድ ይገኛል?" አሉኝ።

የመዝሙር ሲዲ አልነበረኝም። ስልኬን አወጣሁና ከኢንተርኔት ፈለግሁት፤ ወዲያው ተገኘ። ድምፁ ቀጭን ስለነበር ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው አጠገብ ያዝሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቻቸው በጉልበታቸው ላይ ዜማውን መቁጠር ጀመሩ። አንዲት ባጃጅ እየተንጣጣች አለፈች። ዘማሪው አንድ ቦታ ላይ ሲስት አባባ እጃቸውን አወናጨፉና ሳቁ፤ ያንኑ ሳቅ። እየሳቁም፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ በወንድሜ ስም ጠሩኝ።

"ትንሽ ከፍ አድርገው" አሉ።

"እሺ አባባ" አልሁ፣ ድምፄን እንደሱ ወፈር አድርጌ። ስልኩ ከዚያ በላይ አይጮኽም ነበርና ወደ ጆሯቸው ይበልጥ አስጠጋሁት።