የሐጂ ዩሱፍ ካምሻፍት

ይህን የነገረችኝ የመካኒኩ የሙክታር ሚስት ዘይነባ ናት፤ መጨረሻውን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እዚሁ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈራችን ያሉት ጎረቤቴ ሐጂ ዩሱፍ ከድሮው ጦርነት ፍርስራሽ ሥር ያወጧትን አሮጌ መኪና ሞተሯን ሊያሳድሱ ሙክታር ዘንድ ወሰዷት። ሚስታቸው ኢድልም አብራ ሄደች። ሙክታር የሞተሩን ቫልቭ የሚያነሳውን ካምሻፍት የሚባል ዘንግ ከነመግፊያው ከነታፔቱ ሁለት ዓይነት አቀረበ።

«ይኼኛው ጸጥ ያለ ነው። ያኛው ጉልበት አለው፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዎታል።»

«ጸጥ ያለውን!» አሉ ሐጂ ቶሎ ብለው።

«ወላሂ አይሆንም! ያን ሁሉ ዳገት በምን ጉልበት ልትወጣው ነው?» አለች ኢድል። ከዚያ እዚያው ወደነበረችው ወደ ዘይነባ ጠጋ ብላ «ሌላ ሳያገባ አልቀረም። የት እንደሚቆም ልስማው» አለቻት።

ጉልበተኛው ተገጠመ።

ሐጂ መኪናዋን እንደተረከቡ «መሐመድ ሞጌ ሰፈር ሥራ አለኝ» ብለው ወጡ። እኔና ኢድል ደጃፏ ላይ ተቀምጠን ድምፁን በጆሯችን ተከተልነው። ዱግ ዱግ እያለ ሰፈሩን ዞረና ከኢድል ጓሮ ጀርባ፣ ልብስ ሰፊዋ ሳህራ ቤት ቆመ።

«ሱብሃነላህ! ከግድግዳዬ ጀርባ?» ብላ ኢድል ብድግ አለች።

ሳህራ ዛሬም ሁለተኛ ሚስታቸው ናት። የመኪናዋ ቁልፍ ኢድል ጋ ነው። ሐጂ በእግራቸው ይሄዳሉ።