የመሪጌታ ላቀው ቴፕ ሞተር

ብቸና ጋሽ አያሌው ሬዲዮ መጠገኛ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን የመበየጃ ካውያ ይሰጠኛል ብዬ ነበር። የተሰጠኝ ግን አንድ ጆንያ ሙሉ የሞተ ሬዲዮና ቴፕ ነው። ጋሽ አያሌው፣ “ብሎኑን ለብቻ፣ ስፒከሩን ለብቻ፣ ሞተሩን ለብቻ አድርግ። የምትጥለው ነገር የለም” አሉኝ። በካቻቪቴ ስፈታ ዋልኩ፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። የአሮጌ ቴፕ ጠጋኝ ግማሽ ዕድሜው የሚያልቀው መለዋወጫ ፍለጋ ነው። ብልሽቱን በአንድ ሰዓት ታገኘዋለህ፤ የሚተካውን ዕቃ ዓመት ትፈልገዋለህ። አዲስ አበባ ብትደውል ወይ የለም ይሉሃል፣ ወይ የሚጠሩልህ ዋጋ ከቴፑ ከራሱ ይበልጣል። ስለዚህ ከሞተው ወስደን ለታመመው እንሰጣለን። ሉማሜ ገበያ ላይ የተሰበረ ቴፕ ካየሁ አስቤዛውን ረስቼ እሱን ይዤ እገባለሁ። ባለቤቴ “ዛሬም ሬሳ ተሸክመህ መጣህ?” ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሞጣ የራሴን ቤት ስከፍት የጋሽ አያሌውን ደንብ ይዤ መጣሁ። ሁለት ፋሲካ አልፎ ባለቤቱ ያልመጣለት ዕቃ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ደንቡን ለአንድም ደንበኛ ነግሬ አላውቅም።

መሪጌታ ላቀው መርጡለ ማርያም ዜማ ያስተምራሉ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። የማዞሪያ ጎማው የተበጠሰ ቴፕ ትተውልኝ ሄዱ። ጎማውን አገኘሁ፣ እሳቸው ግን ቀሩ። ሁለት ፋሲካ አለፈ።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ደንበኛዬ ሞተሩ የተቃጠለ ቴፕ አመጡ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በየገበያው ቀን እየመጡ “ኧረ ባክህ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ” ይሉኛል። አንጀቴን በሉት። የመሪጌታን ቴፕ ፈታሁና ሞተሩን ለወይዘሮዋ አደረግሁት። መርቀውኝ ሄዱ፤ እኔም ጎሽ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ መሪጌታ ላቀው በእህታቸው እጅ እየተመሩ ደጄ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ጠፍቷል። የቀሩት ለካ በዚህ ነበር።

“ልጄ፣ ያቺ ቴፕ ደረሰች?” አሉና ከኪሳቸው ካሴት አወጡ። “መምህሬ ደብረ ወርቅ ሳሉ ያዜሙልኝ ነው። መጽሐፉን ማየት ቀረብኝ። እንግዲህ ዜማው ሲያጠራጥረኝ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። በግምት አስተምሬ ተማሪ አላሳስትም።”

እውነቱን መናገር ሲገባኝ “ለሳምንት ትደርሳለች፣ የኔታ” አልኳቸው። ፈርቼ ነው።

በማግሥቱ ብቸና ወረድኩ። ከጋሽ አያሌው ጆንያ ውስጥ ከሌላ ዓይነት ቴፕ የወጣ ሞተር አገኘሁ። አልገጥምም ሲለኝ ቆርቆሮ ቆርጬ ማቀፊያ ሠራሁለት። ዞረ። የራሴን ካሴት ከትቼ ሰማሁት፤ ለእኔ ጆሮ ምንም አልጎደለውም።

በሳምንቱ መሪጌታ መጡ። ካሴታቸውን ከትቼ ከፈትኩላቸው። ሦስት ቃል ሳይሞላ እጃቸውን አነሡ።

“አቁመው። ይህ መምህሬ አይደሉም።”

“ካሴቱ የእርስዎ ነው እኮ፣ የኔታ።”

“ካሴቱስ የእኔ ነው። እኔ ሳውቃቸው ግን መምህሬ ሽማግሌ ነበሩ። ይህ ጎልማሳ ነው፤ ደግሞም ይቸኩላል። ምን አደረግህባት?”

ደንቡንም፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽንም፣ የብቸናውንም ሞተር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እህታቸው “የሰውን ዕቃ አንስተህ ለሰው ትሰጣለህ? እግዜርን አትፈራም?” ብላ ጮኸችብኝ። አፈርኩ።

መሪጌታ ግን እህታቸውን በእጃቸው ከልክለው ጠየቁኝ። “ሴትዮዋ ደስ አላት?”

“በጣም።”

“እንግዲያ ከእሷ አትንቀል። ይህን ጎልማሳ ማዘግየት ይቻላል?”

ይቻላል። ሞተር ሲፈጥን ድምፅ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። በሞተሩ ጀርባ፣ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ፣ ፍጥነት የምታስተካክል ደቃቅ ብሎን አለች። ስንት ዓመት ሙሉ እሷን በግምት ነበር የማዞራት። ቀጭኑን ካቻቪቴ አስገብቼ ቀስ በቀስ ማዞር ጀመርኩ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ ያዝዙኛል። “ገና ነው። ገና። አለፍክ፣ ተመለስ። ጥቂት ጨምር።” ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እንዲህ ስንል ዋልን። እህታቸው እንኳ ቁጣዋን ትታ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

አንዴ ላይ መሪጌታ ትእዛዝ መስጠት ተዉ። ቀና ስል አብረው እያዜሙ ነው። የሳቸው ድምፅና የካሴቱ ድምፅ ገጥመው ይሄዳሉ፤ ጉንጫቸው ርሷል። “እሳቸው ናቸው” አሉ። እኔም አለቀስኩ። ከደስታው ይልቅ ይህን ሊያሳጣቸው የነበረው የእኔ እጅ መሆኑ ነው ያስለቀሰኝ።

ብሎኗ እንዳትንቀሳቀስ በቀለም ጠብታ አሸግኋት። መሪጌታ ቴፑን በነጠላ ጠቅልለው አቅፈው ሄዱ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ከሞተ ዕቃ መለዋወጫ መውሰድ ነውር የለበትም፤ መሞቱን ግን ባለቤቱ ይንገራችሁ። ቴፕም ስለዞረ ብቻ ዳነ አትበሉ። ባለቤቱ ይስማው።