ሞርሲቶ ያልሄደው ልብስ ሰፊ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሆሳዕና ውስጥ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከአንድ የኳስ መወራረጃ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ቆሞ ነበር። አባቱን አውቀዋለሁ፤ በመስታወቱ በኩል ይታያል። አባትህ የት ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ሥራ ላይ» አለኝ። ማን ነገረህ ስለው «እማዬ» አለ።

ይህን መልስ አውቀዋለሁ። በደርግ ዘመን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እኔም ለአንዲት ልጅ ሰጥቼዋለሁ።

ታደለች ትባላለች። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው የአቶ ላምቦሬ ልጅ ናት፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምትበላው አንድ ቀን እኛ ቤት፣ አንድ ቀን ሌላ ጎረቤት ነው። አባቷ እጁ የተመሰገነ ሰፊ ነበር፤ ካርታ ከያዘ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። የሚጫወተው ከእኛ ሦስተኛው ግቢ፣ አንዲት ጠላ ሻጭ ጓዳ ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለልጅቷ ግን ሞርሲቶ ከተማ ገበያ ሊሰፋ ሄዷል እንላታለን። እናቴ የአባት ገመና ለልጅ አይነገርም ባይ ነበረች። ደግሞም ወሬው ቀበሌ ከደረሰ ሰውየው ይታሰራል። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ውስጥ ልጅቷ ራሷ ምን እንደምታስብ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም። ዛሬም ያናድደኛል።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታደለች ታጣች። ቆጮና ጎመን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በሞርሲቶ መንገድ ስትሄድ ያያት ሰው ነገረን። ብስክሌት ተውሼ ተከተልኳት። በልጉ ጥሎ ነበርና ጭቃው ጎማውን እየያዘ መንገዱን ግማሽ ብስክሌቱን ተሸክሜ ነው የሄድኩት። ስደርስ ገበያ ውስጥ ከአንዱ ሰፊ ወደ ሌላው እየዞረች ትጠይቃለች። አንዱ፣ አባትሽ እዚህ የሚሰፋ ከሆነ መርፌው አይታይም ማለት ነው እያለ ይስቅባታል።

«ጋሼ፣ እዚህ አያውቁትም» አለችኝ።

«ዋሽተንሽ ነው። አባትሽ ቁማር ይጫወታል። ያለውም እዚያው ሰፈራችን ነው።»

አላለቀሰችም። ጥቅሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔ ነኝ ያስከፋሁት» አለች። «ጫማ ግዛልኝ ብዬው ነበር። ከዚያ ወዲያ ነው የወጣው።»

አንቺ ሳትወለጂም ይጫወት ነበር፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩላት። ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቆጮውን ተካፈልን፤ ቀዝቅዞ ነበር። ስንመለስ እናቴ ለምን ነገርካት ብላ ተቆጣችኝ። ሰኞ ታደለች ትምህርት ቤት ገባች። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝና መስከረም ላይ ለዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛ ሆንኩ፤ እንጀራዬ ሰው መጠየቅ ሆነ። ባለሥልጣን ጠይቄአለሁ፣ እስረኛ ጠይቄአለሁ። ታደለችን ግን ተመልሼ አልጠየቅኋትም። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተነገረ እውነት ለዓመታት የኖረ ውሸትን ያስለቅቃል ብሎ ማመን የወጣት ሞኝነት ነው፤ የእኔ ግን ከወጣትነቴም አልፏል።

ማክሰኞ ማታ ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩ። ሆመቾ ከተማ ውስጥ ታስተምራለች። ያን ቀን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ስላት አምናኝ እንደነበር ጠየቅኋት።

«አላመንኩህም» አለች። «ያመንኩህ አባዬ ከሞተ በኋላ ነው።»

አቶ ላምቦሬ ሲሞት እሷ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር።